ሰው የሚጻፍበት ግስ



ግእዝን ጠለቅ ብሎ ለማጥናት የተነሣ ሰው የአውጉስት ዲልማንን መዝገበ ቃላት ሳያገላብጥ አይቀርም። በ1865 እ.ኤ.አ. በላይፕዚግ የታተመው ይህ ግዙፍ መጽሐፍ የግእዙን ቃል የሚፈታው በላቲን ነው። ከእርሱ ሁለት መቶ ዓመት ቀድሞ ከአባ ጎርጎርዮስ ግእዝና አማርኛ የተማረው ኢዮብ ሉዶልፍም ለአውሮፓ ምሁራን መዝገበ ቃላቱንም የኢትዮጵያ ታሪኩንም ያዘጋጀው በላቲን ነበር። ስለዚህ «ጸሐፈ» የሚለውን ግስ ፍለጋ ዲልማንን የሚገልጥ ተማሪ ከአጠገቡ ስክሪቤሬ የሚል ግስ ተቀምጦ ያገኛል። የዛሬው ንግግሬ ስለዚህ ግስ ነው።

«ስክሪቤሬ ማለት መጻፍ ነው» ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ስሕተትም የለበትም። ነገር ግን በዚህ ትርጉም ብቻ ረክቶ የሮማ ጸሐፊዎችን ሲሴሮን ወይም ሊቪዩስን ማንበብ የጀመረ ሰው ብዙም ሳይርቅ ግራ ይጋባል። የጦር አዛዥ ወታደር ይጽፋል። ለሞት የቀረበ ሰው ወራሹን ይጽፋል። መንግሥት በሌላ አገር ለሚያሰፍረው ሕዝብ ሰፋሪ ይጽፋል። እኔ ዛሬ ላሳያችሁ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ሮማውያን ይህን ግስ በቁም ነገር ሲጠቀሙበት ተሳቢው በጣም ብዙ ጊዜ ሰው ነው። ደብዳቤና ግጥም፣ ሕግና ታሪክ በእርግጥ ይጻፋሉ፤ ሰውም ይጻፋል፤ ከተጻፈ በኋላ ደግሞ ኑሮው እንደ ቀድሞው አይሆንም።

መጀመሪያ ስለ ቅርጹ ጥቂት ልበል። ላቲን ተማሪ ይህን ግስ በአራት መልክ ያጠናዋል፦ ስክሪቦ፣ ስክሪቤሬ፣ ስክሪፕሲ፣ ስክሪፕቱም። የመጀመሪያው «እጽፋለሁ»፣ ሁለተኛው «መጻፍ»፣ ሦስተኛው «ጻፍሁ»፣ አራተኛው «የተጻፈ» ነው። «ብ» ከ«ስ» እና ከ«ት» ፊት ሲውል ወደ «ፕ» ይለወጣል። ጣልያኖች ስክሪቬሬ፣ ፈረንሳዮች ኤክሪር፣ ስፔኖች ኤስክሪቢር የሚሉት ከዚሁ ወርሰው ነው። ጀርመኖችም ሽራይበን የሚለውን ከሮማውያን የወሰዱት ጽሕፈትን ከእነርሱ ሲማሩ ነው። በጥንታዊው እንግሊዝኛ ደግሞ ግሱ ያልተጠበቀ መንገድ ያዘ፦ ካህን ለተናዛዥ ቀኖና ሲሰጥ የሚነገር ቃል ሆነ። እኛም ከሥሩ አልራቅንም፤ በየተማሪው ኪስ ያለው እስክሪብቶ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ግስ ዘር ነው።

የግሱ መሠረት መጫር፣ በሹል ነገር መቧጨር ነው። ሮማዊ ልጅ መጻፍ የሚለማመደው ሰም በተቀባ የእንጨት ገበታ ላይ ነበር። መጻፊያው ስቲሉስ ይባላል። ከብረት፣ ከነሐስ ወይም ከአጥንት ይሠራል፤ አንዱ ጫፉ የሾለ፣ ሌላው ጠፍጣፋ ነው። በሾለው ይጭራል፤ ሲሳሳት ገልብጦ በጠፍጣፋው ሰሙን ዳምጦ ያጠፋዋል። ስለዚህ በላቲን «ስቲሉሱን ገለበጠ» ማለት ጽሑፉን አረመ ማለት ነው። ለሚቆይ ጽሑፍ ፓፒረስ ነበራቸው፤ የሸምበቆ ብርዕና ከጥላሸት የተበጠበጠ ጥቁር ቀለም ደግሞ የገዳም ጸሐፊዎቻችንን ሥራ ላየ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። የሰሙ መጻፊያ ምን ያህል ሹል እንደ ነበር ከታሪክ ጸሐፊው ከስዌቶኒዩስ እንረዳለን። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44፣ ማርች 15 ቀን ሴናተሮቹ በዩልዮስ ቄሳር ላይ ጩቤ ሲመዙ ቄሳር ከእነርሱ አንዱ የነበረውን የካስካን ክንድ ይዞ በእጁ በነበረው መጻፊያ ወጋው ይላል። ራሱን ለመከላከል ያገኘው መሣሪያ እርሱ ብቻ ነበር።

ወደ ተሳቢው እንምጣ። «ሚሊቴስ ስክሪቤሬ» ቃል በቃል «ወታደሮችን መጻፍ» ነው። ቆንሲሉ ምልመላ ሲያካሂድ ስሙ በመዝገብ የሰፈረ ዜጋ ከዚያች ቀን ጀምሮ በአዛዡ ሥልጣን ሥር ይሆናል። ብዙዎችን በአንድነት መጻፍ ሲሆን ግሱ ቅድመ ቅጥያ ይጨምርና ኮንስክሪቤሬ ይሆናል፤ ዛሬ የአውሮፓ ቋንቋዎች የግዳጅ ውትድርናን የሚጠሩበት ቃል ከዚህ ወጥቷል። የሮማ ሴናተሮችም በክብር «ፓትሬስ ኮንስክሪፕቲ»፣ ማለትም የተጻፉ አባቶች፣ ተብለው ይጠሩ ነበር።

ተራው ወታደር ሳይቀር በዚህ ቃል ይጫወትበት እንደ ነበር ቄሳር ስለ ጎል ጦርነት በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ እናገኛለን። ጊዜው ከክርስቶስ ልደት በፊት 58 ነው። ቄሳር ከጀርመኖቹ ንጉሥ ከአርዮቪስቱስ ጋር ለመነጋገር ሲቀጥር ንጉሡ ሁለታችንም በፈረሰኛ ብቻ ታጅበን እንምጣ አለ። የቄሳር ፈረሰኞች ግን የጎል ሰዎች ነበሩ፤ ሕይወቱን ለእነርሱ አደራ ለመስጠት አልደፈረም። ስለዚህ እነርሱን አስወርዶ የሚታመንባቸውን የአሥረኛውን ሌጌዎን እግረኞች በፈረሶቻቸው ላይ አስቀመጠ። ይህን ያየ አንድ ወታደር፣ ቄሳር ቃል ከገባልን በላይ አደረገልን፤ ልዩ ጠባቂዎቼ አደርጋችኋለሁ ብሎ ነበር፣ አሁን ደግሞ ወደ ፈረስ ይጽፈናል ብሎ ቀለደ። የተጠቀመበት ግስ ሬስክሪቤሬ ነው፤ ከአንድ መዝገብ ወደ ሌላ አዛውሮ መጻፍ። በሮማ «ፈረሰኛ» ማለት ደግሞ በፈረስ የሚዋጋ ብቻ አይደለም፤ ከሴናተሮች ቀጥሎ ያለው ባለጸጋ መደብም ስሙ ይኸው ነው። ወታደሩ በአንድ ግስ «ፈረስ ላይ አወጣን» እና «ባለ ማዕረግ አደረገን» አለ። መዝገብ ሰውን ከመደብ ወደ መደብ እንደሚያሻግር የሚያውቅ ሠራዊት ባይሆን ኖሮ ቀልዱ ባላሳቀ ነበር።

ሁለተኛው ትልቅ ተሳቢ ወራሽ ነው። «ሄሬዴም ስክሪቤሬ»፣ ወራሽ መጻፍ። በሮማ ሕግ የኑዛዜ እምብርቱ ወራሽ መሰየም ነው፤ ወራሽ ያልተሰየመበት ኑዛዜ ይፈርሳል። የተጻፈው ሰው ንብረቱን ብቻ አይረከብም፤ ዕዳውንም፣ የሟቹን ቤት አምልኮም ይወርሳል። ኑዛዜው በሰም ገበታ ይጻፍና ሰባት ሰዎች ያትሙበታል። ታዲያ ሀብታም ሽማግሌ በአልጋው ተኝቶ ሌላ ሰው ገበታውን ይዞ ሲጽፍለት ምን ዓይነት ፈተና እንደሚመጣ መገመት አያዳግትም። የሮማ አምባገነን የነበረው ሱላ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ81 ኑዛዜ አስመስሎ መጻፍን ወንጀል የሚያደርግ ሕግ አወጣ። በ16 እ.ኤ.አ. ደግሞ የሮማ ሴኔት የሌላውን ኑዛዜ ሲጽፍ ለራሱ ጥቅም ያሰፈረ ሰው በዚያው ሕግ እንዲቀጣ ወሰነ። ንጉሠ ነገሥት ክላውዲዮስም በአዋጅ አጠበቀው፤ ሕጉን አላውቅም ነበር ማለት እንኳ አያድንም። ይህ ሕግ በጣም ያስደንቀኛል። የሚከለክለው የእጅን እንቅስቃሴ ነው፦ በሌላ ሰው ገበታ ላይ የገዛ ስምህን በገዛ እጅህ እንዳትጽፍ።

ሦስተኛውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሉቃስ በወንጌሉ ሁለተኛ ምዕራፍ ስለ አውግስጦስ ቄሳር ትእዛዝ ሲተርክ የላቲኑ መጽሐፍ ቅዱስ ለሕዝብ ቈጠራው የሚጠቀምበት ግስ ዴስክሪቤሬ ነው፤ የዚያው የስክሪቤሬ ልጅ። በአማርኛውም ትእዛዙ የወጣው ዓለሙ ሁሉ እንዲጻፍ ነው፤ ዮሴፍም ከማርያም ጋር ወደ ቤተ ልሔም ይወጣል። በየዓመቱ የልደት ዕለት ሲነበብ ስለምንሰማው አናስተውለውም እንጂ እዚያ ላይ ሰው የግሱ ተሳቢ ሆኗል። መንገደኞቹ ስለ መጻፍ የሚወስኑት ነገር የላቸውም፤ ይጻፋሉ።

አሁን ደግሞ ረዘም አድርጌ ልነግራችሁ ወደምፈልገው ገጽ ደረስን። ፕሮስክሪቤሬ በመጀመሪያ ንጹሕ የገበያ ቃል ነበር። «ፕሮ» ፊት ለፊት፣ ወደ ውጭ ማለት ነው፤ ስለዚህ ጽፎ በአደባባይ መለጠፍ። ቤት ይሸጣል፣ እርሻ ይከራያል፣ የባለዕዳ ንብረት በሐራጅ ይወጣል ብሎ ለሕዝብ ማስታወቅ። ክፋት የለበትም።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ82 የእርስ በርስ ጦርነቱን ያሸነፈው ሱላ ሮማ ገብቶ በዚህ ግስ ላይ አዲስ ተሳቢ አደረገ፦ የሰው ስም። የሕይወት ታሪክ ጸሐፊው ፕሉታርክ እንደሚተርከው በመጀመሪያው ቀን 80 ስሞች ተለጠፉ። አንድ ቀን አሳልፎ 220 ጨመረ። በሦስተኛው ከዚያ ያላነሱ ሌሎች ተጨመሩ። ስሙ የተለጠፈ ሰው ሕግ አይጠብቀውም፤ ያገኘው ሁሉ ሊገድለው ይችላል። ለገዳዩ ሁለት መክሊት ይከፈላል፤ ባሪያ ጌታውን፣ ልጅ አባቱን ቢገድል እንኳ ሽልማቱ አይቀርም። የተለጠፈውን ያስጠለለ በሞት ይቀጣል። ንብረቱ ይወረሳል፣ በሐራጅ ይሸጣል፤ ልጆቹና የልጅ ልጆቹ ከመብታቸው ይሻራሉ። የልጆቹ የሹመት መብት የተመለሰው ከ30 ዓመት በላይ ቈይቶ በቄሳር ጊዜ ነው።

ከዚያ ወዲህ ፕሮስክሪፕቱስ፣ «የተለጠፈ»፣ የሰው ዓይነት መጠሪያ ሆነ። የፖለቲካ ሰዎችን ብቻ የሚመለከት እንዳይመስላችሁ። ፕሉታርክ ስለ አንድ ክዊንቱስ አውሬሊዩስ ስለሚባል ሰው ያወራል። በፖለቲካ ውስጥ እጁን ያላስገባ፣ የሌሎችን መከራ በማዘን ብቻ የተካፈለ ሰው ነው። ወደ ሮማ አደባባይ ወደ ፎሩም ይወርድና የተለጠፈውን ዝርዝር ያነባል፤ ስሙን እዚያ ያገኘዋል። በአልባ ያለኝ እርሻ ነው ያሳደደኝ አለ። ጥቂት ሳይርቅ ተከታትሎ ያገኘው ሰው ገደለው። ግሱ ወደ መነሻው የተመለሰው በዚህ ሰው ላይ ነው፦ መጀመሪያ የሚሸጥ እርሻ ይለጠፍ ነበር፤ አሁን እርሻው እንዲሸጥ ባለቤቱ ተለጠፈ።

ሁለተኛው ልጠፋ የመጣው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ43 ነው። ከቄሳር ሞት በኋላ ኦክታቪያን፣ ማርክ አንቶኒና ሌፒዱስ ሥልጣን ሲካፈሉ የሚገደሉትን ስም ተደራደሩበት፤ አንዱ የራሱን ዘመድ፣ ሌላው የራሱን ወዳጅ አሳልፎ ሰጠ። አንቶኒ አጥብቆ የጠየቀው የሲሴሮን ስም ነው። ሲሴሮ በእርሱ ላይ ፊሊጲካ የተባሉ 14 ንግግሮች አሉት፤ ሁለተኛው በአደባባይ ሳይነገር በጽሑፍ ብቻ የተሠራጨ ነው። ዲሴምበር 7 ቀን ገዳዮቹ በባሕሩ ዳር ርስቱ አጠገብ በቃሬዛ ሲሄድ ደረሱበት። አንገቱን ቈረጡት። ቀኝ እጁንም ቈረጡት፤ ያን ሁሉ የጻፈበትን እጅ። ሁለቱም ወደ ሮማ መጥተው ሲናገርበት በነበረው መድረክ ላይ ተሰቀሉ።

ስክሪቤሬ የሚለውን ግስ የሚያስተምር ሰው ይህን ታሪክ መዝለል የለበትም ብዬ አምናለሁ። ጻፊውና ተጻፊው በአንድ ሰው ላይ ተገናኝተዋል፤ አንቶኒም እጁ ከራሱ ባላነሰ እንደ ጐዳው ያውቅ ነበር።

እዚህ ላይ የሚጽፈው እጅ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ትልልቆቹ ሮማውያን «ስክሪፕሲ»፣ ጻፍሁ ሲሉ ብዙ ጊዜ አስጻፍሁ ማለታቸው ነው። ታላቁ ፕሊኒ ስለ ቄሳር ሲናገር ከባድ ጉዳይ ያላቸውን አራት ደብዳቤዎች በአንድ ጊዜ ለጸሐፊዎቹ ይናገር ነበር ይላል። የሲሴሮን ብዙ ቃል የጻፈው ቲሮ የሚባል ባሪያው፣ ኋላም ነጻ ያወጣው ሰው ነው። ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች የላከው መልእክት መጨረሻ ላይ ጤርጥዮስ የሚባል ጸሐፊ ብቅ ብሎ በራሱ ስም ሰላምታ ያቀርባል፤ ስሙ የላቲን ነው፣ «ሦስተኛ» ማለት ነው። ለገላትያ ሰዎች በላከው ደግሞ ጳውሎስ ራሱ ብርዑን ይይዝና በገዛ እጁ መጻፉን ይናገራል፤ ፊደሎቹ ትልልቅ ናቸው።

የዚህ ዓይነት ለውጥ በዓይን የሚታይበት አንድ ቅርስ በሰሜን እንግሊዝ ተገኝቷል። ቪንዶላንዳ በተባለው የሮማ ጦር ሰፈር ከጭቃ ውስጥ በቀለም የተጻፈባቸው ስስ የእንጨት ገበታዎች ወጥተዋል። በ1985 እ.ኤ.አ. የተገኘው ከ100 እ.ኤ.አ. አካባቢ የሆነ የልደት በዓል ጥሪ ነው። ክላውዲያ ሴቬራ የምትባል የአዛዥ ሚስት፣ በቪንዶላንዳ ላለው አዛዥ ሚስት ለሱልፒኪያ ሌፒዲና ሴፕቴምበር 11 ቀን ወደ ቤቷ እንድትመጣ ትጠራታለች። የደብዳቤው ዋና ክፍል የሠለጠነ ጸሐፊ እጅ ነው፤ መስመሩ የተስተካከለ፣ ፊደሉ የተቀጣጠለ። ከታች በስተቀኝ ግን እጁ ይለወጣል። ፊደሎቹ ይወለጋገዳሉ፤ ሴቬራ ራሷ ብርዑን ተቀብላ ጓደኛዋን እኅቴ እያለች ጥቂት የናፍቆት ቃል ጨምራለች። በላቲን እስከ ዛሬ ከታወቁት የሴት እጅ ጽሑፎች ሁሉ ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ይህ ነው። ጸሐፊው ያሰፈረው ጥሪውን ነው፤ ናፍቆቷን ግን ለሌላ እጅ አልሰጠችም።

በፖምፔይ ደግሞ ግድግዳ ላይ ማስታወቂያ የሚጽፍ ባለሙያ እናገኛለን። ኤሚሊዩስ ኬለር ይባላል። አንድ ባለጸጋ የሚያዘጋጀውን የግላዲያተሮች ትርኢት በትልልቅ ቀይ ፊደል ካሰፈረ በኋላ ከዳር በኩል የራሱን ስም ይጨምራል፤ ብቻውን፣ በጨረቃ ብርሃን እንደ ጻፈውም ይገልጻል። እንዲህ ያለ ሥራ ብዙ ጊዜ በቡድን ይሠራል፤ ኬለር ግን ኖራ የሚቀባለት፣ መሰላል የሚይዝለት፣ ፋኖስ የሚያበራለት ሰው አልነበረውም። ለባለጸጋው የተጻፈው ይነበብ ዘንድ ነው፤ የኬለር ፊርማ ግን ያቺ ሌሊት የእርሱ እንደ ነበረች ይናገራል። እኔ ከሁለቱ የምወደው ሁለተኛውን ነው።

እጅ ግን ይሰረቃልም። የሮማ ሴኔት ውሳኔ ሲጻፍ በአጻጻፉ ላይ የተገኙ ሴናተሮች ስም በራስጌው ይሰፍራል፤ አገላለጹ «ስክሪቤንዶ አዴሴ» ነው፣ በመጻፉ መገኘት። ቄሳር ገዢ በሆነበት ዘመን፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ46፣ ሲሴሮ ለወዳጁ ለፔቱስ በላከው ደብዳቤ አንድ ነገር ያጫውተዋል። በሮማ ተቀምጦ ሳለ በእርሱ ሐሳብ አቅራቢነት ተወሰነ የተባለ የሴኔት ውሳኔ አርመንያና ሶርያ ድረስ መድረሱን ሰማ፤ እርሱ ግን ጉዳዩ መነሣቱንም አልሰማም ነበር። ከዓለም ዳርቻ ያሉ ነገሥታትም ንጉሥ ብለህ ስለ ሰየምኸን እናመሰግናለን ብለው ጽፈውለታል፤ እርሱ መወለዳቸውንም አያውቅም። ስሙ ሲያሻቸው በምስክርነት ይሰፍር ነበር። ሲሴሮ በቀልድ ነው የጻፈው፤ እኔ ግን ከቀልዱ በታች የሚሰማኝ ፍርሃት ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ያው ስም በሌላ ገበታ ላይ ተጻፈ።

ታሪኩ ሁሉ ጨለማ አይደለም። «ስክሪባ» በሮማ የመንግሥት ጸሐፊ ነው፤ ሕጉን፣ ሒሳቡን፣ መዝገቡን የሚይዝ። ግኔዩስ ፍላቪዩስ የሚባል ነጻ የወጣ ባሪያ ልጅ ይህን ሥራ ይዞ ነበር። በዚያ ዘመን ፍርድ ቤት በየትኞቹ ቀኖች እንደሚውል የሚያውቁት ካህናቱና ባላባቶቹ ብቻ ነበሩ፤ ባለጉዳይ ቀን ለማወቅ ደጃቸውን መጥናት ነበረበት። ፍላቪዩስ የቀን መቁጠሪያውን በነጭ ሰሌዳ ጽፎ በፎሩም አቆመው፤ የክስ አቀራረቡንም ሥርዓት ለሕዝብ አወጣ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ304 ኤዲል ለተባለው ሹመት ተመረጠ፤ መኳንንቱ እጅግ ተቈጡ። ለሹመቱ ሲቀርብ ግን ጸሐፊ ስለ ነበር ገበታውን አስቀምጦ ከእንግዲህ ጸሐፊ እንደማይሆን መማል ነበረበት። በዚያው አደባባይ፣ በዚያው ዓይነት ነጭ ሰሌዳ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቈይቶ የሱላ ስሞች ተለጠፉ።

በመጨረሻ ወደ ሬስክሪቤሬ ሌላ ትርጉም ልምጣ፤ መልሶ መጻፍ፣ መልስ መስጠት። ባለሥልጣን «ስክሪፕሲ» ሲል ግሱ ያለቀ ነገርን ያመለክታል። ጲላጦስ በመስቀሉ ላይ ያኖረውን ጽሑፍ እንዲለውጥ ሲጠየቅ የመለሰው መልስ በላቲኑ ይህችን አንዲት ግስ ሁለት ጊዜ ይደግማታል፤ ሌላ ግስ አላስፈለገውም። የሮማ ነገሥታትም አቤቱታ ሲቀርብላቸው በግርጌው «ጽፌአለሁ» ወይም «መልሼ ጽፌአለሁ» ብለው ያጸድቁት ነበር። ያ መልስ ሕግ ይሆናል።

ከእነዚህ መልሶች አንዱ በእጃችን አለ። ከ110 እስከ 112 እ.ኤ.አ. ገደማ ታናሹ ፕሊኒ የቢታንያና የጰንጦስ ገዢ ሆኖ ሳለ የማን እንደ ሆነ ያልታወቀ፣ የብዙ ሰዎች ስም ያለበት ጽሑፍ ይለጠፋል፤ ክሱ ክርስቲያኖች ናቸው የሚል ነው። ፕሊኒ ለንጉሠ ነገሥቱ ለትራያን ጻፈለት። ትራያን ሲመልስለት ተከሰው የተረጋገጠባቸው ይቀጡ አለ፤ በዚህ ፍርዱ ስንት ንጹሕ ሰው እንደ ሞተ መዘንጋት የለብንም። ስም አልባውን ዝርዝር ግን በየትኛውም ክስ ቢሆን እንዳይቀበሉት ከለከለ፤ መጥፎ አርአያ ነው፣ ዘመናችንም ይህን አይፈቅድም አለ። በፕሊኒ ደብዳቤዎች አሥረኛ መጽሐፍ የፕሊኒ ጥያቄ 96ኛው፣ የትራያን መልስ 97ኛው ደብዳቤ ነው። መልሱ ከጥቂት መስመር አይበልጥም፤ ላቲን የጀመረ ተማሪ መዝገበ ቃላቱን ይዞ በአንድ ከሰዓት ይዘልቀዋል።